ማሩ ተበልቷል

የሰማ ላልሰማ ያሰማ! በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ግንቦት፣ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት፣ በመቱ ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በጠመኔ ሳጥንና በተሰነጠቀ ሉል መካከል ተቀምጦ የነበረ አንድ ገንቦ ነጭ ማር ተበልቷል።

ይህን ከባድ ጉዳይ ለሕዝብ ሳላስታውቅ ሃያ ዓመት የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። «ተበልቷል» ማለቴም አስቤበት ነው። ዛሬ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አርቃቂ ነኝ። እንጀራዬ «ተወስኗል»፣ «ታዟል»፣ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ማለት ነው። ማን እንደ ወሰነ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እያየው እንደሆነ የሚጠይቅ ባለጉዳይ ሲመጣ «ነገ ይመለሱ» ይባላል። ይህን ጥበብ መጀመሪያ ያስተማሩኝ መምህር ያደታ ጅራታ ናቸው፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው።

ያስተማሩኝ ዕለት ይዘንብ ነበር። መቱ ላይ ሲዘንብ ቆርቆሮው ስለሚጮህ መምህር አይሰማም። መምህር ያደታ በዝናብ ጊዜ አፋቸውን ዘግተው በጠመኔ ብቻ ያስተምሩ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ፓሲቭ ቮይስ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም አሰመሩበት። ዝናቡ ጋብ ሲል ዞር አሉ።

«ላሟ ታለበች» አሉ። «ይኸው ነው። በእንግሊዝኛም እንዲሁ ይባላል።»

«ማን አለባት?» አለ ከኋላ የሚቀመጠው ማሙሽ።

«አንተ ንገረን እንጂ።»

«እናቴ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ያደታ ሳይስቁ «እናትህን ከፈለግህ ‹ባይ› ብለህ ከዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ታመጣታለህ። ካልፈለግህ ቤቷ ትቀመጥ» አሉት።

እጄን አወጣሁ። «ጋሼ፣ እንግሊዞች ከዚያ በኋላ ‹ማን?› ብለው አይጠይቁም?»

«ይጠይቃሉ፣ ምንዳዬ። መልስ ግን ግዴታ የለም።»

ይህ ነገር አሥራ ሁለት ዓመት በሞላው አእምሮዬ ውስጥ እንደ ወንጌል ገባ። እኛ ቤት ሕጉ ሌላ ነበርና። ያሳደገችኝ አክስቴ እትዬ ጥሩአየሁ ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት «እትዬ፣ ብርጭቆው ተሰበረ» ብላት፣ «ራሱን ሰበረ? ኑሮ መረረኝ ብሎ ከመደርደሪያው ራሱን ወረወረ? ውርርድ እገባለሁ፣ ደብዳቤም ትቶ ይሆናል!» ብላ ጥፊ አቅምሳኝ ነበር። እንግሊዝ አገር ተወልጄ ቢሆን ኖሮ ማንም አይመታኝም ነበር ብዬ አዘንኩ። የእንግሊዝ ሌባ ሁሉ እቤቱ በሰላም ተኝቶ የሚያድር መሰለኝ።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን እንዲህ ዓይነት አገር አጥብቄ እፈልግ ነበር። ምክንያቱም ማሩን የምንበላው እኔና ዋሪቱ ነበርን።

በሰባተኛ ክፍል ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ዋሪቱ። የቀለም ዱቄት በውኃ በጥብጦ የየዴስኩን ቀለም መያዣ መሙላት የሴት ሥራ ነው ስለተባለ፣ በየማለዳው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከመምህር ያደታ ተቀብለን እንገባ ነበር። የዕቃ ቤት ኃላፊው እሳቸው ነበሩ። ጣቶቻችን ከመስከረም እስከ ሰኔ ሰማያዊ ናቸው፤ በሳሙናም አይለቁም።

በሚያዝያ መጨረሻ ዲሬክተሩ አቶ ሸዋንግዛው አንድ ገንቦ አሸክመው መጡ። ቀበቷቸውን ከሆዳቸው በላይ የሚታጠቁ ሰው ነበሩ። ተማሪውን አሰልፈው፣ «ይህ ማር ከጎሬ የሚመጡት የትምህርት ተቆጣጣሪ ነው» አሉ። «የቀመሰው ይባረራል! የነካው ይገረፋል! ያሸተተውም አፍንጫውን ይጠብቅ!» 

ማሽተቱስ እንዴት ይቀራል? ዕቃ ቤቱ በሙሉ አበባ አበባ ይል ነበር። የገተማ ዛፍ አበባ ማር ነው፤ የረጋ፣ እንደ ቅቤ የነጣ፣ ጥርስ ላይ ሲደርስ አሸዋ አሸዋ የሚል።

«አንድ ጣት ብቻ» አለች ዋሪቱ።

አንድ ጣት ስትል ግን የትኛው ጣት እንደሆነ አልተስማማንም፤ ስለዚህ ሁሉንም ሞከርናቸው። በየማለዳው ክዳኑን የሸፈነውን ጨርቅ ፈትተን፣ ልሰን፣ መልሰን እናስረዋለን። በሁለተኛው ሳምንት ገንቦውን ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ መጮህ ጀመረ። ያን ጊዜ ፍርሃት መጣ።

ፍርሃቴ ዱላው አልነበረም። ዱላ ለምጃለሁ። የቡሬው ሰውዬ ነበር እንጂ። አንድ የወርቅ ጥርስ ያለው፣ የእኛው የኢሉባቦር ቡሬ ቡና ነጋዴ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። አክስቴ «ስምንተኛን ትጨርስ» ብላ መልሳቸዋለች። ለእኔ ግን እንዲህ ብላኛለች፦ «ስሚ ምንዳዬ። እኔ ለሽማግሌ ‹ትማር› ያልኩት ስለምትማሪ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት የተባረርሽ ዕለት ምን ብዬ እመልሳቸዋለሁ? ፈረሱን ጭኖ ይመጣል፤ አንቺም ትጫኛለሽ።» ስለዚህ በዚያ ገንቦ ውስጥ የነበረው ማር ብቻ አልነበረም። እኔም ነበርኩበት።

ዓርብ ዕለት ዋሪቱ ሆዷን ይዛ ከክፍል ወጣች። ትንሽ ቆይቼ በመስኮት ስመለከት ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ከመምህር ያደታ ጋር ቆማ ታለቅሳለች። የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። ነፋሱ አንድ ነገር ብቻ አመጣልኝ፤ «ኤኙ ወጅን?» አሏት፤ ከማን ጋር? ዋሪቱም ወደ ክፍላችን በአገጯ አመለከተች። ክው አልኩ። ያን ቀን የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዬን አስገልብጫት ነበርና፣ ‹ወይ ዋሪቱ! ለአንድ ገጽ የቤት ሥራ አሳልፋ ሰጠችኝ!› ብዬ እስከ ማታ አኮረፍኳት። መምህር ያደታ ግን ስለ ቤት ሥራ ምንም አላሉኝም። ረስተውት ይሆናል አልኩ።

ሰኞ ማለዳ ከወትሮው ቀድሜ ደረስኩ። ዕቃ ቤቱ ገርበብ ብሏል። በቀዳዳው አየሁ። መምህር ያደታ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ ጫማቸው ውኃ ያንቦጫርቃል። በጉልበታቸው ተንበርክከው ሁለት ገንቦ አፍ ለአፍ ገጥመው ያገላብጣሉ። አንደኛው የዲሬክተሩ ነው። ሌላው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ከዚያ በፊት ያላየሁት ነው። ገልብጠው ሲጨርሱ አውራ ጣታቸውን ላሱ።

ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚገለበጥ አላየሁም። ዛሬ ይህን በሐቅ እመሰክራለሁ። ያን ቀን ግን ያየሁ ያህል አወቅሁት። ለካ ትልቁ ሌባ እሱ ነው! እኛ በጣት ስንነካካ እሱ በገንቦ ይቀዳል! ልብ በሉ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቤ «እሳቸው» ማለቴን ትቼ «እሱ» አልኩት። ለጣት ሌባ የገንቦ ሌባን መናቅ እንዴት ደስ እንደሚል የቀመሰው ያውቀዋል።

ወደ ኋላ ስሸሽ የያዝኩት የቀለም ጠርሙስ አምልጦኝ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። ራሱን ሰበረ። ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ ስመለከት መምህር ያደታ በሩ ላይ ቆሞ ሰማያዊውን ኩሬ ያያል። ከዚያ በእግሩ አፈር አለበሰው።

ቀትር ላይ የዲሬክተሩ ጩኸት ተሰማ። ተቆጣጣሪው ሊመጡ ነውና አዲስ ጨርቅ ሊያለብሱት ገንቦውን ከፍተው ኖሯል።

«ኧረ የጊዮርጊስ ያለህ! ማሬ ቀላ!»

እኛ አገር አፉን የፈታ ሕፃን እንኳ ማርን በቀለሙ አይቶ የየትኛው ዛፍ አበባ እንደሆነ ይናገራል። ነጩ የገተማ ነው፤ ቀዩ የብሳና። በሁለት ሳምንት ነጭ ማር ቀይ አይሆንም፤ ሆኖም አያውቅም። ዘበኛው ቀመሰና «ብሳና ነው፣ ጌታዬ፤ ያውም የአምና» አለ። የጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ ቀመሰና አረጋገጠ። አቶ ሸዋንግዛው ራሳቸው ሦስት ጊዜ ቀምሰው ተስማሙ። ማሩ በልክ ሞልቷል፤ ግን ሌላ ማር ነው። ገንቦው ሞልቶ ሳለ እንደ ተሰረቀ ሰው ሲያለቅሱ በዓይኔ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

በማግሥቱ አውጫጭኝ ተጠራ።

አውጫጭኝን ያልቀመሰ የዛሬ ልጅ ዕድለኛ ነው። ሌብነት ሲደርስ የቀበሌው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ በየተራ እየማለ «ያየሁትን፣ የሰማሁትን» ይላል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ምሳ የለም፤ ዝናብ ቢመጣም መጠለያ የለም። በእኛ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ ዘበኛውም፣ ወላጅም ተቀምጧል። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ነች። አጥሩ ላይ አንድ የተጫነ ፈረስ ታስሯል፤ ከፈረሱ አጠገብ አንድ የወርቅ ጥርስ ያብለጨልጫል። ለገበያ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ለማየት የቆመ ነው።

የሚመረምሩት ባላምባራስ ኩመራ ነበሩ፤ ረጅም ሽማግሌ፣ ከጆሯቸው ነጭ ፀጉር የሚወጣ። በወንበር ተቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «ያየ ይናገር። በአደባባይ መናገር የፈራ ደግሞ በጆሮዬ ያንሾካሹክልኝ፤ ‹ወፍ ነገረችኝ› እላለሁ። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። የአባት ሕግ ነው።»

ለካ የእኛም አገር እንደ እንግሊዝ ነው! ደስታዬን አልቻልኩትም።

ዋሪቱ ከእኔ በፊት ተጠራች። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለች። የእኔ ተራ ሲደርስ ተነሥቼ ሄድኩ። ፈረሱን አየሁት፤ ፈረሱም አየኝ። እዚያ ፀጉራም ጆሮ ውስጥ አንሾካሾክሁ።

ባላምባራስ ኩመራ ቀጥ ብለው ተነሡ። «ወፍ ነገረችኝ። መምህር ያደታ ጅራታ ሰኞ ማለዳ ዕቃ ቤት ውስጥ በሁለት ገንቦ ማር ሲያገላብጥ ታይቷል።»

«በማን ታየ?» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

«ወፍ ነው ያልኩህ አንተ ሰው! ወፍ አይገባህም?»

መምህር ያደታ ተነሣ። ጣቶቼን ሲያይ አየሁት። እጄን ጨብጬ ከቀሚሴ ሥር ደበቅሁ። ዓይኑን ወደ ባላምባራስ መለሰ።

«ወፏ እውነቷን ነው» አለ።

«ማሩን የበላኸው አንተ ነህ?»

«ማሩ ተበልቷል። ቁልፉ የሚያድረው እኔ ዘንድ ነው። ልጆቹን ዝናብ ሳይመጣ ይልቀቋቸው።»

«ለምን በላኸው?»

«ከዚህ በላይ መልስ የለኝም።»

እኔ በልቤ፣ እኔን ፈርቶ አመነ አልኩ። ዋሪቱ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ስትጀምር በጎኗ ቆነጠጥኳት። «ዝም በይ፣ ሞኝ! ዳንን እኮ!»

መምህር ያደታ በሳምንቱ ወደ ቡሬ ተዛወረ። ደብዳቤው «ተዛውረዋል» ይላል እንጂ ማን እንዳዛወረው አይልም። መጻሕፍቱን በአህያ ጭኖ፣ ጃንጥላውን ይዞ በእግሩ ሲሄድ ተማሪው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይዘፍን ነበር፦

*ያደታ ማር ወዳጁ፣*
*ወለላው ከጣቱ፣ ቁልፉ ከእጁ!*

ግጥሙን የገጠምኩት እኔ ነኝ። በሕዝብ ፊት የቀረበ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ እንደዚያ የተወደደልኝም እስከ ዛሬ የለም። አጠገቤ ሲደርስ ቆም አለና «ቤት መትቷል» አለ። «በርትተሽ አንብቢ።» ዓይን አውጣ! አልኩ። ሌባ ሆኖ ደግሞ ይመክራል!

ከዚያማ ምን ልበል? ስምንተኛን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። አዲስ አበባ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። የቡሬው ሰውዬ የወርቅ ጥርሱን ለሌላ ሴት ፈገግ አለላት። እኔም በግብዣ ላይ ሰው ሲሰለቸኝ «የገንቦው ሌባ» እያልኩ የመምህር ያደታን ታሪክ እየነገርኩ ስንቱን አሳቅሁበት።

አምና ክረምት መቱ ሄጄ ዋሪቱን አገኘኋት። ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆናለች፤ ጣቶቿ አሁን አዮዲን አዮዲን ይላሉ። ለጨዋታ ብዬ ያቺን ግጥም ገና ስጀምር እጇን አፌ ላይ አደረገች።

«አንቺ ምንዳዬ! እስከ ዛሬ አታውቂም?»

«ምኑን?»

«ዓርብ ዕለት ዋንዛው ሥር ነገርኳቸው እኮ። ሆዴን ሲያመኝ ልሞት መሰለኝና ማሩን በላን አልኳቸው። ከማን ጋር አሉኝ፤ አንቺን ነገርኳቸው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብለው አስማሉኝ። ከዚያ በእግራቸው ወደ ገጠር፣ አባታቸው ኦቦ ጅራታ ዘንድ ወረዱ። ኦቦ ጅራታ ንብ አናቢ ነበሩ። ቤት የተገኘው ከአምና የተረፈ የብሳና ማር ብቻ ነበር። ያንን ተሸክመው እሑድን ሙሉ በጭቃ መጡ።»

ከየትኛው ወደ የትኛው ይገለበጥ እንደነበር ያን ጊዜ አየሁት። በሃያ ዓመቱ።

«የንብ አናቢ ልጅ ሆነው፣ ቀለሙ እንደሚያሳጣቸው ጠፍቷቸው ነው?»

«ይጠፋቸዋል?» አለች ዋሪቱ። «በዚያ ዓመት ለኮሌጅ ታጭተው ነበር። አዲስ አበባ ሊማሩ። ከዚያ በኋላ ‹ተሰርዟል› ተባለ። ቡሬ ላይ ስምንት ዓመት ሀሁ አስቆጠሩ። አሁን ጎሬ ናቸው።»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምለውኛል አልኩሽ። ደግሞ ወፏ አንቺ መሆንሽን የማውቅ አልመሰለሽም እንዴ? የቆነጠጥሽኝ እስከ አሁን ያመኛል።»

በማግሥቱ ማለዳ ከገበያ አንድ ገንቦ ነጭ ማር ገዝቼ በመኪና ወደ ጎሬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ንግግር አረቀቅሁ፤ አርቃቂ ነኝና። «ባለውለታዬ መሆንዎ ስለታወቀ» የሚል ነበረበት። ቀደድኩት።

መምህር ያደታ አንድ ጉብታ ላይ ካለች ትንሽ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የተማሪ ደብተር ያርማሉ። ፀጉራቸው ነጥቷል። አጠገባቸው በሰሐን የተቀቀለ ባቄላ አለ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ከዚያ ጣቶቼን።

«ወፏ!» አሉ። «መጣሽ? ተቀመጪ።»

ያረቀቅሁት ሁሉ ጠፋኝ። ገንቦውን እግራቸው ሥር አስቀምጬ ጉልበታቸውን ልስም ስል በብዕራቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ተይ፤ ደብተሩ ቀለም ይነካዋል።»

«ጋሼ፣ እኔ በላሁት» አልኩ። እንባዬ መጣ። «እኔና ዋሪቱ በላነው። ወፏም እኔ ነኝ፤ ግጥሙም የእኔ ነው። እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እዚህ የደረስኩት በእርስዎ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። የገንቦውን ጨርቅ ፈትተው በማንኪያ ጫፍ ቀመሱ። «ገተማ። የዘንድሮ ነው። በውድ ገዝተሻል።»

አብረን ቀመስን። ስለ ዋሪቱ ጠየቁኝ፤ ነርስ መሆኗን ሲሰሙ ሳቁ። መሥሪያ ቤቴ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ይበልጥ ሳቁ። ከዳር ሆኖ ላየን፣ ልጅ ያሳደጉ አባትና እንግዳ ሆና የመጣችባቸው ልጃቸው እንጂ ሌላ አንመስልም ነበር። ይህን ያህል ዓመት «እሱ» ስል የኖርኩትን ሰው ያን ከሰዓት በልቤ ስንት ጊዜ «እሳቸው» እንዳልኳቸው አልቆጠርኩም።

በመጨረሻ ግን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዱላ ቀጥተው ሊተዉን ይችሉ ነበር። ወፏን ‹ውሸቷን ነው› ማለት ይችሉ ነበር። ኮሌጁን ያህል ነገር ማር ለሚልሱ ሁለት ልጆች! ለምን?»

ደብተር ገለጡ። አንድ ስሕተት አገኙ፤ አሰመሩበት።

«ጋሼ?»

«መልስ ግዴታ የለም ብዬ አስተምሬሽ ነበር።»

«ሃያ ዓመት አለፈ እኮ! ማንም አይሰማ፣ ለእኔ ብቻ። አንድ ቃል።»

«አልናገርም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከደብተሩ ሳያነሡ። «አልናገርም አልኩሽ። ጣትሽን ከገንቦው አውጪ።»